ርካሽ ቀፎ፣ ውድ ስልክ፦ የድርጅት ሞባይል አመራረጥና አያያዝ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ግዥና ንብረት አስተዳደር ስንማር ምሳሌ የሚሆኑን ዘወትር ተሽከርካሪ፣ ጄኔሬተር፣ የቢሮ ዕቃና ኮምፒውተር ናቸው። ሞባይል ስልክ እምብዛም አይነሳም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ስልክ ትንሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሁላችንም ገዝተን እናውቃለን፤ ስለዚህ የሚጠና ነገር አለው ብሎ የሚያስብ የለም። ይሁን እንጂ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያና ሠላሳ የሽያጭ ሠራተኛ የሚያሰማራ መካከለኛ አከፋፋይ ድርጅት ትዕዛዝ የሚቀበለው፣ ክፍያ መግባቱን የሚያረጋግጠው፣ የመኪናውን ስምሪት የሚያውቀው በስልክ ነው። ቀፎው ከቆመ ሠራተኛው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት የፍጆታ ዕቃዎችን በሚያከፋፍል አንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ስለነበር ይህን ጉዳይ በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። የድርጅቱ ስም ለጉዳዩ ስለማያስፈልግ አልጠቅሰውም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንን ነው፦ ለድርጅት ስልክ ሲገዛ በግዥ ኮሚቴ ላይ ብዙ የሚያከራክረው የመግዣ ዋጋ ቢሆንም፣ ወጪውን በትክክል የሚወስነው ግን ቀፎው ስንት ወር እንደሚያገለግልና በውስጡ ያለው አካውንትና ቁጥር የማን እንደሆነ ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

"ጠቅላላ የባለቤትነት ወጪ" የሚባለውን አስተሳሰብ በክፍል ተምረነዋል። ጋርትነር የተባለው የአሜሪካ የምርምርና የማማከር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ለኮምፒውተር ወጪ ስሌት በስፋት ያስተዋወቀው ሲሆን ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዕቃ የሚያስወጣው ሲገዛ የተከፈለበት ብቻ አይደለም፤ እስኪወገድ ድረስ የሚበላው ሁሉ ነው። ለኮምፒውተር የተባለው ለስልክም ይሠራል። እንዲያውም ስልክ ከኮምፒውተር ይልቅ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ዝናብ ይመታዋል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ራሴ የወሰድኳቸው ስለሆኑ የገበያ ዋጋ ናቸው እንዳትሉኝ። 24 የሽያጭ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሁለት አማራጭ ቀረበለት እንበል። ቀፎ ሀ 14,000 ብር፣ ቀፎ ለ 28,000 ብር። ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል፤ "ለሽያጭ ሠራተኛ የ28,000 ብር ስልክ? ምን ሊያደርግለት!" ይላል።

ቀፎ ሀ በመንገድ ሥራ 18 ወር ያገለግላል እንበል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ስክሪን ይቀየርለታል፤ 3,000 ብር። በድምሩ 4 ቀን ጥገና ቤት ይውላል፤ ሠራተኛው ያለ ስልክ በዋለበት አንድ ቀን ድርጅቱ የሚያጣውን ትርፍ 1,500 ብር ብንለው 6,000 ብር ይሆናል። በመጨረሻም 1,000 ብር ይሸጣል። 14,000 ሲደመር 3,000 ሲደመር 6,000 ሲቀነስ 1,000፤ 22,000 ብር። ለ18 ወር ሲካፈል በወር 1,222 ብር።

ቀፎ ለ 48 ወር ያገለግላል እንበል። ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ የዚህኛው ስክሪን ውድ ስለሆነ አንዱ 7,000 ብር ይሁን። መሀል ላይ ባትሪ ይቀየራል፤ 2,000 ብር። እሱም በድምሩ 4 ቀን ከሥራ ውጪ ይሆናል፤ 6,000 ብር። ሲወገድ 4,000 ብር ያወጣል። ድምሩ 46,000 ብር፣ በወር 958 ብር።

በአንድ ቀፎ የ264 ብር ልዩነት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በ24 ቀፎና በ12 ወር ስትባዛ ወደ 76,000 ብር ትጠጋለች፤ ይህም "ውድ ነው" የተባለው ቀፎ በዓመት የሚያተርፈው ገንዘብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆሞ "ስለዚህ ሁልጊዜ ውዱን ግዙ" ማለት ይቻል ነበር፤ እንዲህ የሚሉ ሻጮችም ሞልተዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በዚያው ስሌት ቀፎ ሀ 18 ወር ሳይሆን 30 ወር ያገለግላል ብንል፣ የጥገናውና የሥራ መስተጓጎሉ ወጪ በዚያው ልክ እያደገ ሄዶ እንኳ በወር 933 ብር ላይ ይወርዳል። ማለትም ርካሹ ያሸንፋል! ከተለወጠው የአገልግሎት ዘመን በስተቀር ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። የስርቆት ጉዳይም አለ። ውዱ ቀፎ ሲጠፋ ከእሱ ጋር የሚጠፋው ገንዘብ ብዙ ነው። አማካይ ቀሪ ዋጋቸውን ለቀፎ ሀ 7,500፣ ለቀፎ ለ 16,000 ብር አድርገን ብናሰላ፣ ከ24ቱ በየዓመቱ 9 ቀፎ የሚጠፋ ከሆነ የቀፎ ለ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ያልቃል። በዓመት 2 ወይም 3 የሚጠፋበት ድርጅት ግን ስርቆትን ፈርቶ ርካሽ መግዛቱ አያዋጣውም።

እንግዲህ ጥያቄው "የትኛው ይረክሳል?" መሆኑ ቀርቶ "የእኛ ስልኮች ስንት ወር ይቆያሉ? በዓመት ስንት ይጠፋሉ?" ወደሚል ይዞራል። ልምምድ በወጣሁበት ድርጅት ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰነድ አልነበረም። ቀፎዎቹ ሲገዙ በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል፣ ለሠራተኛ ሲሰጡ በሞዴል 22 ወጪ ሆነዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። የጥገና ወጪው ሂሳብ ክፍል "ልዩ ልዩ ወጪ" ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። አንድ መዝገብ ወይም የኤክሴል ገጽ ተዘጋጅቶ የቀፎው አይኤምኢአይ ቁጥር፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የያዘው ሰው፣ የሲም ቁጥሩ፣ እያንዳንዱ ጥገና ከነቀኑና ከነዋጋው፣ በመጨረሻም የወጣበት ቀንና ምክንያት ቢጻፍበት በሁለት ዓመት ውስጥ ድርጅቱ የራሱን ቁጥር ያገኛል። አይኤምኢአይ ለማግኘት *#06# መደወል ብቻ ነው። ወጪው የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስልክ፣ እዚሁ የሚገጣጠመውም ጭምር፣ ዋናው አካሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት የሚያገለግል ቀፎ የገዛ ድርጅት በአሮጌው ዋጋ እየሠራ ቆየ፤ በየዓመት ተኩሉ የሚቀይር ግን በአዲሱ ዋጋ ገበያ ወጣ። ረጅም ዕድሜ ያለው ዕቃ የዋጋ ንረት መከላከያም ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል 24 ቀፎ በ28,000 ብር ባንድ ጊዜ መግዛት 672,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህን የሚችል አነስተኛ ድርጅት ጥቂት ነው። መፍትሔው በየዓመቱ ከፊሉን መግዛት ነው። ለምሳሌ በየዓመቱ 6 ቀፎ ቢገዛ በአራት ዓመት ሁሉም ይዳረሳል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አያረጁም፣ ወጪውም በየዓመቱ በጀት ውስጥ የሚታወቅ መስመር ይሆናል።

ሲመረጥ ምን ይታይ?

በመጀመሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስልክ የሚባል ነገር መቅረት አለበት። የመጋዘን ጠባቂና የጫኝና አውራጅ አስተባባሪ ሥራቸው መደወልና መደወል ከሆነ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ይበቃቸዋል፤ ባትሪውም ቀናት ይቆያል። የሽያጭ ሠራተኛው ግን የትዕዛዝ መተግበሪያ፣ ቴሌግራም፣ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ፣ ካርታና ካሜራ ባንድ ላይ ይከፍታል። ለእሱ 2 ጂቢ ራም ያለው ቀፎ መግዛት ቁጠባ አይደለም፤ ስልኩ ሳይሰበር በዝግታው ብቻ ሥራ ያስቆማል። እኔ እስካየሁት ድረስ 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ማከማቻ ከዚያ በታች የማይወረድበት ወለል ቢሆን መልካም ነው። በተቃራኒው 5ጂ፣ አራት ካሜራና የሚታጠፍ ስክሪን ለዚህ ሥራ ምንም አይጨምሩም።

ሁለተኛው የደህንነት አፕዴት ነው። ይህ በሱቅ መስታወት ላይ ስለማይጻፍ ማንም አይጠይቅም። አንድ የአንድሮይድ ስልክ አምራቹ አፕዴት መላኩን ሲያቆም ስልኩ ወዲያው አይሞትም፤ ይሠራል። ግን የተገኘበት ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የድርጅቱን የባንክ መተግበሪያ በዚህ ስልክ መክፈት ደግሞ የመጋዘን ቁልፍ በር ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። አምራቾች በዚህ ረገድ በጣም ይለያያሉ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላወጣው ጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላወጣው መካከለኛ ዋጋ ያለው ጋላክሲ ኤ16 ደግሞ የ6 ዓመት የደህንነት አፕዴት ቃል ገብቷል። ብዙዎቹ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ቀፎዎች የሚያገኙት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ማስተዋል የሚገባው ጊዜው የሚቆጠረው ሞዴሉ ገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አለመሆኑን ነው። ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የከረመ ሞዴል በቅናሽ ሲቀርብ ቅናሹ ከየት እንደመጣ ይጠርጠር።

ሦስተኛው መለዋወጫና ጥገና ነው። በዚህ በኩል ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ጥሩ ነጥብ ያገኛሉ። ሦስቱም ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ምርቶች ናቸው፤ ኩባንያው ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ አለው፣ ካርልኬር የሚባል የራሱ የጥገና አገልግሎትም አለው። ስክሪናቸውን ማንኛውም የጥገና ቤት ያውቀዋል። አንዳንድ ጊዜ በዝርዝር መግለጫው የሚበልጥ ሞዴል ተገዝቶ ስክሪኑ ሲሰበር ግን "ከዱባይ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት" ይባላል። ሦስት ሳምንት ማለት በላይኛው ስሌት ስንት ቀን እንደሆነ አስሉት። ከመግዛት በፊት ሁለት የጥገና ቤት ጠይቆ "የዚህ ስክሪን አለ? ስንት ነው?" ማለት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ባትሪን በተመለከተ ለመገንዘብ የሚረዳ አንድ መለኪያ አለ። አፕል ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ለነበሩት ስልኮች ባትሪው ከ500 ሙሉ ዙር ቻርጅ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ እንዲይዝ አድርጎ መሥራቱን ይገልጻል። የሽያጭ ሠራተኛ በቀን አንድ ሙሉ ዙር ይጨርሳል ብንል 500 ዙር አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ቀፎ ለአራት ዓመት ታስቦ ሲገዛ የባትሪ ቅያሪ ከመጀመሪያው በበጀት መያዝ አለበት። ባትሪ ስለደከመ ብቻ ቀፎ ሲጣል አይቻለሁና ነው ይህን የማነሳው። ከቨርና ስክሪን ፕሮቴክተር ከቀፎው ጋር አብሮ እንደሚገዛ እንጂ ሠራተኛው በኋላ ከኪሱ እንደሚያሟላው መታሰብ የለበትም።

ከዚህ ሌላ ደረሰኝ አለ። ሻንጣ ውስጥ የመጣ ስልክ በርከስ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ሆኖም ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ወጪ በግብር ስሌት ተቀባይነት አያገኝም፣ ዋስትናም የለውም። ያ ቅናሽ በግብር መልክ ተመልሶ ይወጣል።

የማን ስልክ፣ የማን ቁጥር?

አንዳንድ ድርጅቶች "ለምን እንገዛለን? ሁሉም ሠራተኛ ስልክ አለው እኮ" ብለው የካርድ አበል ብቻ ይሰጣሉ። በወረቀት ላይ ከሁሉም የሚረክሰው ይህ ነው። ነገር ግን ባለሱቁ ደንበኛ የሚያውቀው የድርጅቱን ስም ሳይሆን የሠራተኛውን ቁጥር ይሆናል። የቴሌግራም አካውንት በስልክ ቁጥር የሚከፈት በመሆኑ የትዕዛዝ መልእክቶቹ፣ የደንበኞች ዝርዝር፣ የዕዳ ስምምነቱ ሁሉ ከዚያ ቁጥር ጋር የተሳሰረ ነው። ሠራተኛው ወደ ተወዳዳሪ ድርጅት ሲሄድ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፤ የራሱ ቁጥር ነውና ይሂድ ማለት ይገባል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስለሆነም ድርጅቱ ቀፎ ባይገዛ እንኳ ሲም ካርዱ በድርጅቱ ስም መውጣት አለበት። አብዛኛው ስልክ ሁለት ሲም ስለሚይዝ የሠራተኛው ሲም በአንዱ፣ የድርጅቱ በሌላው ይገባል። ከዚያ በተጨማሪ አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ፣ የሥራ ክፍል የሚባል አሠራር አለው። በአንድ ቀፎ ላይ የሥራው መተግበሪያዎች ለብቻቸው ተከልለው ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይለጠፍባቸዋል። ድርጅቱ የሚያስተዳድረው ይህን ክፍል ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ የሥራው ክፍል ይጠፋል፣ የግል ፎቶና መልእክቱ አይነካም። በእኔ አስተያየት የቢሮ ሠራተኞች፣ ማለትም ሂሳብ፣ አስተዳደርና የመሳሰሉት፣ በዚህ መንገድ ቢሠሩ ድርጅቱ ለእነሱ ቀፎ መግዛት አያስፈልገውም። ለመንገድ ሠራተኞች ግን የድርጅት ቀፎ ይሻላል። የሥራ ባህሪያቸው ስልክ ይጎዳል፤ ያንን ጉዳት በግል ንብረታቸው እንዲሸከሙት ማድረግ ወጪውን ማስቀረት ሳይሆን ወደ ሠራተኛው ኪስ ማዞር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ውሉ በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በስተቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ የማቅረብ ግዴታን የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው።

አሁን ወደ አካውንቱ እንምጣ፤ ብዙ ድርጅት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቀፎ ለሠራተኛ ይሰጣል፣ ሠራተኛው በግል ጂሜይሉ ይከፍተዋል፤ ምን ያድርግ፣ ሌላ አልተሰጠውም። ከዓመት በኋላ ይለቅና ቀፎውን ይመልሳል። ንብረት ክፍሉ የስክሪን መቆለፊያውን ስለማያውቅ ቀፎውን በቁልፎቹ ፎርማት ያደርገዋል። ሲከፈት ስልኩ የቀድሞውን ጎግል አካውንት ይጠይቃል። ይህ ከአንድሮይድ 5.1 (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ ሌባን ለመከላከል የተሠራ መቆለፊያ ነው፤ የድርጅቱን ንብረት ክፍልና ሌባን ግን አይለይም። የለቀቀው ሠራተኛ ስልክ ካላነሳ፣ ወይም ፓስዎርዱን ከረሳ፣ ቀፎው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ በነበርኩበት ክፍል እንዲህ ያለ መሳቢያ ነበር። አንዳንዱን የጥገና ቤት ሰብሮ ይከፍተዋል፤ አንዳንዱን አይችልም፤ የከፈተውም ቢሆን ምን እንደጫነበት አይታወቅም።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ቀፎው ለሠራተኛው ከመሰጠቱ በፊት ድርጅቱ በራሱ አካውንት ይከፍተዋል። ፓስዎርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ የማስመለሻ ስልክ ቁጥሩም የድርጅቱ እንጂ የሠራተኛው አይሆንም። ስልኩ ሲጠፋ በዚያው አካውንት ከቢሮ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ቀፎው ያለበትን ቦታ መፈለግ፣ ካልተቻለም ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው እንዲጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ለቴሌግራምም እንደዚሁ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስዎርዱ በድርጅቱ እጅ ካልሆነ ሲሙን መያዝ ብቻውን ወደ አካውንቱ አያስገባም።

ስልኮቹ ከሃያና ከሠላሳ ሲያልፉ እያንዳንዱን በእጅ መያዝ ያስቸግራል። ያኔ የስልክ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይመጣል። ድሮ የድርጅት ስልክ ማለት ብላክቤሪ ነበር፣ እሱም ከነማስተዳደሪያው ነበር የሚሸጠው፤ የድሮዎቹ የብላክቤሪ ስልኮች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2022 ተቋርጧል። ዛሬ ሥራው በራሱ በአንድሮይድ ውስጥ ገብቷል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ አዲስ ወይም ፎርማት የተደረገ ስልክ ሲከፈት በመጀመሪያው የእንኳን ደህና መጡ ገጽ ላይ አንድ ቦታ 6 ጊዜ ሲነካ የኪውአር ኮድ ማንበቢያ ይወጣል። ከማስተዳደሪያው የተገኘው ኮድ ሲነበብ ቀፎው የድርጅቱ ሆኖ ይመዘገባል፤ የትኛው መተግበሪያ እንደሚጫን፣ የስክሪን መቆለፊያ ግዴታ መሆኑ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይታዘዛል። ጎግል ወርክስፔስ የሚጠቀም ድርጅት መሠረታዊው የስልክ አስተዳደር አብሮት ስለሚመጣ ሌላ ሳይገዛ ከዚያ ቢጀምር ጥሩ ነው። ለብቻው የሚገዙት ማስተዳደሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በየቀፎው በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ለእኛ አገር ድርጅት የውጭ ምንዛሪው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለ24 ቀፎ ፖስታውና መዝገቡ ይበቃል ባይ ነኝ።

ማስተዳደሪያው ሠራተኛው የት እንዳለ ሊያሳይም ይችላል፤ አለቆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሰው መገኛም የግል ዳታው ነው። ቢያንስ ሠራተኛው በጽሑፍ ይነገረው፣ ለምን ዓላማ እንደሆነ ይወቅ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪም ይዘጋ።

"ስልኩ ጠፋ" ሲባል

ለሠራተኛው ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። መርካቶ ውስጥ ትዕዛዝ ሲቀበል ስልኩን የተነጠቀ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ በነበርኩበት ድርጅት ገጥሞኛል። ለፖሊስ አመለከተ፣ ማስረጃ አመጣ። ድርጅቱ ግን የቀፎውን የአዲስ ዋጋ፣ ያውም ከተገዛ በኋላ የጨመረውን የገበያ ዋጋ፣ በሁለት ወር ከደመወዙ ቆረጠ። ስልኩ የተገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ሰውየው የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በዚያ ወር የቤት ኪራይ ተበድሮ ከፈለ። በወሩ መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ፤ ደንበኞቹንም የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሕጉ እንዲህ አይልም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በስተቀር አሠሪ ከደመወዝ መቀነስ አይችልም። ይህ ቢኖርም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሠራተኛውም በበኩሉ ለሥራ የተሰጠውን መሣሪያ በጥንቃቄ የመያዝ ግዴታ በዚያው አዋጅ ተጥሎበታል። ስለዚህ የርክክብ ቅጽ ላይ ከመጀመሪያው ሦስት ነገር ቢጻፍ ሁሉም ያርፋል፦ በቸልተኝነት የጠፋና በንጥቂያ የጠፋ በምን እንደሚለይ፣ የሚከፈለው የቀፎው ቀሪ ዋጋ እንጂ የአዲስ ዋጋ አለመሆኑ፣ እንዲሁም አከፋፈሉ። በላይኛው ምሳሌ 28,000 ብር የተገዛው ቀፎ በ24ኛው ወር ላይ ቀሪ ዋጋው 16,000 ብር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅበት የሂሳብ ምክንያት አይታየኝም።

ቅጹ ሠራተኛው በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያሳውቅም ይጻፍበት። ሲሙን ለማዘጋት፣ ቴሌግራሙን ከሌላ ስልክ ለማስወጣት፣ ቀፎውን ለማጥፋት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ደመወዙ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ሠራተኛ ደግሞ ስልኩ መጥፋቱን ወዲያው አይናገርም፤ "ምናልባት ይገኝ ይሆናል" እያለ ሁለት ቀን ያሳልፋል። የቅጣቱ ክብደት ራሱ አደጋውን ያሰፋዋል።

ካርድና ፓኬጅ

ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዕለት ፓኬጅ እየገዙ መኖር ከወር ፓኬጅ ይልቅ በአንድ ሜጋባይት ሲሰላ ይወደዳል። ሠራተኛው ግን አበሉ በየቀኑ ከተሰጠው በየቀኑ ይገዛል። ድርጅቱ የወሩን ፓኬጅ ራሱ ቢሞላ ይሻለዋል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት አቅራቢ ስላለ የሁለቱን የድርጅት ጥቅል በየጊዜው ማነጻጸርም ይቻላል፤ ሆኖም ሠራተኛው በሚዞርበት ሰፈር የትኛው ኔትወርክ እንደሚሠራ ሳይሞከር ዋጋ ብቻ አይታይ። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ማድረግ፣ የመተግበሪያዎች አፕዴት በቢሮው ዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ፣ በስልኩ የዳታ መቆጣጠሪያ ላይ ጣሪያ ማስቀመጥ፤ ሦስቱም በአምስት ደቂቃ የሚያልቁ ናቸው፤ ቀፎው ከመሰጠቱ በፊት በንብረት ክፍሉ ቢደረጉ ይመረጣል።

ቀፎው ሲመለስ

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንሱ ላይ "ስልክ መልሷል" ተብሎ ከመፈረሙ በፊት ቀፎው ሠራተኛው ባለበት ይከፈት። የግል አካውንት ገብቶበት እንደሆነ እሱ ራሱ ያውጣው፣ የግል ፎቶውን ይውሰድ፣ የስክሪን መቆለፊያው ይነሳ፤ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ፎርማት ይደረግና እዚያው ተከፍቶ ይታይ። አሥር ደቂቃ ነው። የመሳቢያው ስልኮች በሙሉ እነዚህ አሥር ደቂቃዎች ያልተሰጧቸው ናቸው።

የአገልግሎት ዘመኑን የጨረሰ ቀፎ ለያዘው ሠራተኛ በቀሪ ዋጋው ቢሸጥለት መልካም ነው፤ አራት ዓመት በኋላ የሱ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ከቨሩን አይጥልም። ባትሪው ያበጠ ቀፎ ግን ለማንም አይሸጥ፣ ቻርጅም አይደረግ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ለጥገና ባለሙያ ይሰጥና ባትሪው ይውጣ።